የቀለም መርጫ ሥራን ያፋጥናል፤ ጥንቃቄው ግን ይቅደም

በመንዝ ቀድሞ በጓሳ ሣር ይከደኑ ከነበሩት ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ ቆርቆሮ ለብሰዋል። በግሼና በመርሐቤቴም የቆርቆሮ ክዳን፣ የብረት በርና መስኮት እየበዛ በመሄዱ የቀለም ቅብ ሥራ አብሮ በዝቷል። መብራት በገባበት ሥፍራ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የቀለም መርጫ በብሩሽ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀውን ሥራ በጥቂት ሰዓት ለመጨረስ ያስችላል።

ይሁን እንጂ መርጫው ቀለሙን እንደ ጉም ስለሚበትነው ሠራተኛው የሚተነፍሰው አየር ይበከላል፤ የእሳት አደጋም ይጨምራል። ብርዱን ለመከላከል የኩበት እሳት ከምድጃ በማይጠፋበት የመንዝ ቤት ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

እሳትና እንፋሎት

የዘይት ቀለምና ማቅጠኛው አኳራጅ በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። እንፋሎታቸው ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ በአመድ ከተዳፈነ ፍም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እሳቱን ማዳፈን አይበቃም፤ ፍሙ ከነአመዱ ወጥቶ ከቤት ርቆ መጥፋት ይኖርበታል። አኳራጅ ጠፋ ተብሎ ቀለምን በቤንዚን ማቅጠን ከቶ አይገባም። መርጫው ለዘይት ቀለም የተፈቀደ መሆኑም ከመመሪያው መረጋገጥ አለበት፤ የሞተሩ ብልጭታ ራሱ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና።

በርና መስኮት ተከፍቶ አየር መዘዋወር አለበት። ነጠላ አፍንጫ ላይ መጠምጠም እንፋሎቱን አያግድም፤ ለዘይት ቀለም የከሰል ማጣሪያ ያለው የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል። ልጆች፣ ከብቶች፣ የውሃ እንስራና የምግብ ዕቃ አስቀድመው ይራቁ።

ቀለሙን ማዘጋጀት

ቀለሙ ከጣሳው ሥር እስኪነሣ ድረስ በደንብ ይማሰላል። ከዚያ በስስ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ባረጀ የናይለን ካልሲ ይጣራል፤ አንዲት ጓል የመርጫውን አፍ ትደፍናለችና። የውሃ ቀለም በንጹሕ ውሃ፣ የዘይት ቀለም በአኳራጅ ወይም ጣሳው ላይ በታዘዘው ማቅጠኛ ይቀጥናል። የጣሳው ጽሑፍ ከፈቀደ ለ1 ሊትር የውሃ ቀለም በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ መጀመርና ጥቂት በጥቂት መጨመር ይቻላል።

መጠኑን ለማወቅ ማማሰያ እንጨት ነክሮ ማንሣት ነው። ቀለሙ እንደ ክር ሳይቋረጥ ወርዶ በመጨረሻ ከተንጠባጠበ ደርሷል፤ እየተቆራረጠ ከወደቀ ገና ወፍራም ነው። ቀጥሎ በካርቶን ላይ ይሞከራል። ነጠብጣብ ከበዛ ወፍሯል፤ ከተንዠቀዠቀ ቀጥኗል። ሲረጩ መርጫውን ከግድግዳው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቆ፣ እጅን ሳያቆሙ፣ እያንዳንዱን መሥመር በቀደመው ላይ በግማሽ መደረብ ይገባል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ባለው የመንዝ ደጋ የሌሊቱ ቁር ቀለሙን ያወፍረዋል። ይህን በውሃ ብዛት ለማሸነፍ መሞከር ቀለሙ እንዳይሸፍን ያደርጋል። የሚሻለው የውሃ ቀለሙን ጣሳ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆየት፣ ውርጩ ከተነሣ በኋላ ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ 9 ሰዓት ላይ ማቆም ነው። ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው የመርሐቤቴ ቆላ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሙቀቱ ቀለሙን ግድግዳ ሳይደርስ ስለሚያደርቀው ሥራው በማለዳ ይጀመራል።

ኤሌክትሪኩና ግፊቱ

ኃይሉ 220 ቮልት በመሆኑ የተላጠ ሽቦና እርጥብ ወለል ለሕይወት ያሰጋሉ። መብራት ሲቋረጥ ማብሪያውን ማጥፋትና ስፒናውን መንቀል ይገባል፤ አለዚያ መብራቱ ሲመለስ መርጫው በድንገት ይነሣል። የተደፈነ አፍ የሚጸዳውም ስፒናው ተነቅሎ፣ ግፊቱ ከተለቀቀ በኋላ ነው።

ያለ አየር በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ዓይነት ቀለሙን ቆዳ በስቶ ሊያስገባ ይችላል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢያህልም ውስጡ ስለሚበላሽ ጣትን እስከማስቆረጥ ያደርሳል። የተጎዳው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ቀለም እንደገባበት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

አሮጌ ቀለም ሲፋቅም ጥንቃቄ ያሻል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ከ1 ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት በተቀባ በርና መስኮት ግን ብዙ ሊኖር ይችላል። ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ በደረቁ ከመፋቅ አርጥቦ መፋቅና ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ማስወገድ ይበጃል።

ሥራው ሲያበቃ መርጫው ወዲያው ይታጠባል፤ እጣቢው ግን ከብት በሚጠጣበት ወንዝ አይደፋም። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ካሟላ የገዛው መሣሪያ ለዓመታት ያገለግለዋል፤ ቤቱም ቤተሰቡም በደኅና ይከርማሉ።