ክትባት በአሳማዎች ላይ የሚሞከረው ለምንድን ነው?

አንድ አዲስ ክትባት ለኅብረተሰቡ ከመሰጠቱ በፊት ደኅንነቱና ውጤታማነቱ ደረጃ በደረጃ ይፈተሻል። ፍተሻው በቤተ ሙከራ ይጀምራል፤ ቀጥሎ በእንስሳት፣ ከዚያም በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ይካሄዳል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ አስቸኳይነት ምክንያት አንዳንዶቹ ደረጃዎች ጎን ለጎን ተካሄዱ እንጂ አልተዘለሉም። ከእነዚህ ሙከራዎች አንዱ በአሳማዎች ላይ የተደረገው ሲሆን፣ ሁለተኛውን ዙር ክትባት መውሰድ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ያግዛል።

አሳማ ለምን ተመረጠ?

የመጀመሪያዎቹ የእንስሳት ሙከራዎች ብዙ ጊዜ የሚደረጉት በአይጦች ላይ ነው። ይሁንና የአይጥ አካል እጅግ ትንሽ ነው፤ የበሽታ መከላከል ሥርዓቷም ከሰው በብዙ ይለያል። ስለሆነም በአይጥ ላይ የታየው ውጤት በሰው ላይ ላይደገም ይችላል። የአሳማ የሰውነት ክብደት፣ የሳንባ አሠራርና የበሽታ መከላከል ሥርዓት ግን ለሰው ይበልጥ ይቀርባል። አሳማ እንደ ሰው ሁሉ በኢንፍሉዌንዛ ይያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስም የመነጨው ከአሳማ ቫይረሶች ነው። በመሆኑም የመተንፈሻ አካላት በሽታ ክትባቶችን በአሳማ ላይ መፈተሽ በምርምር ዘንድ የቆየ ልምድ ነው።

ሙከራው ምን አሳየ?

በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው የፒርብራይት የምርምር ተቋም፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውንና በኋላ አስትራዜኔካ በሚል ስም የታወቀውን ክትባት እ.ኤ.አ. በ2020 በአሳማዎች ላይ ሞከረ። ዋናው ጥያቄ አንድ ዶዝ ይበቃል ወይስ ሁለት ያስፈልጋል የሚል ነበር። ከአሳማዎቹ ከፊሎቹ አንድ ዶዝ ብቻ ሲወስዱ፣ የቀሩት ከ28 ቀናት በኋላ ሁለተኛውን ተከተቡ። ደማቸው ሲመረመር አንዱ ዶዝ ብቻውን ፀረ እንግዳ አካላት እንዲፈጠሩ ማድረጉ ታየ፤ ሁለተኛውን ባገኙት ዘንድ ግን ቫይረሱን የማምከን አቅም ያላቸው ፀረ እንግዳ አካላት በከፍተኛ ደረጃ ጨመሩ። የመጀመሪያው ዶዝ ሰውነት ቫይረሱን እንዲለይ ያዘጋጀዋል፤ ሁለተኛው ዝግጅቱን ያጠናክራል። በኋላ በሰዎች ላይ በተደረገው ምርመራም ሁለተኛው ዶዝ ፀረ እንግዳ አካላትን ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል።

ሙከራው የማይመልሰው ጥያቄ

አሳማ ኮቪድ-19ን በሚያመጣው ቫይረስ በቀላሉ አይያዝም። ስለዚህ ይህ ሙከራ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠውን ምላሽ ያሳያል እንጂ ክትባቱ ከበሽታው ማዳኑን አያረጋግጥም። ለዚህ በሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናት የግድ ያስፈልጋል። በእንግሊዝና በብራዚል ከ11,000 በላይ ተሳታፊዎች የተገኘው መረጃ ሲተነተን፣ ክትባቱ የሕመም ምልክት ያለውን ኮቪድ-19 በ70 በመቶ ገደማ እንደሚከላከል ታውቋል።

ክትባቱ ከአሳማ የተሠራ ነውን?

አይደለም። በአንድ እንስሳ ላይ መሞከርና ከዚያ እንስሳ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከአሳማዎቹ የተወሰደው ደም ለምርመራ ብቻ የዋለ ሲሆን፣ በክትባቱ የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥም ከአሳማ የተገኘ ነገር የለም።

ኅብረተሰቡ ምን ማድረግ ይገባው ነበር?

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ የገባው የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ክትባት፣ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ገደማ፣ ይኸው ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በወቅቱ በሁለቱ ዶዞች መካከል ከ8 እስከ 12 ሳምንታት እንዲቆይ ይመክር ነበር። የመጀመሪያውን ዙር የወሰደ ሰው ክትባቱን እንደጨረሰ ሊቆጥር አይገባም ነበር፤ የክትባት ካርዱን በጥንቃቄ ይዞ በቀጠሮው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነበረበት። ቀጠሮው ያለፈበትም ቢሆን ጨርሶ ከመቅረት ዘግይቶ መውሰድ ይሻል ነበር። በወቅቱ ከተከተቡ በኋላም ማስክ ማድረግ፣ እጅን በሳሙና መታጠብና ርቀትን መጠበቅ ሊቋረጡ አይገባም ነበር።