የኩፍኝ ክትባት ለሕፃናት መቼ ይሰጥ?

ኩፍኝ በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ በሚያስከትለው የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ዓይነ ስውርነት ሕፃናትን ለሞትና ለዘለቄታዊ ጉዳት የሚዳርግ የቫይረስ በሽታ ነው። መከላከያ በሌለው ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ሊያስተላልፈው ይችላል። ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ሕፃናት ቢያንስ 95ቱ ሁለቱንም ክትባቶች መውሰድ ይኖርባቸዋል። ለዚህም ክትባቱ የሚሰጥበት ዕድሜ ወሳኝ ነው።

ዘጠኝ ወር ለምን ተመረጠ?

ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ያገኘውን ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ይመጣል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከበሽታው ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን የክትባቱንም ቫይረስ ያከሽፋል። ስለዚህ ክትባቱ ቀደም ብሎ ከተሰጠ ላይሠራ ይችላል፤ ከዘገየ ደግሞ በሽታው ይቀድማል። በ9 ወር ከሚከተቡ 100 ሕፃናት 85 ያህሉ መከላከያ ሲያዳብሩ፣ በ12 ወርና ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ 95 ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ኩፍኝ በሚዘዋወርባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ሦስት ወር መጠበቅ አደገኛ በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት 9 ወርን ይመክራል።

ሁለተኛው ክትባት

በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛው ክትባት በ15 ወር ይሰጣል። ዋና ዓላማውም በመጀመሪያው ክትባት መከላከያ ላላዳበሩት ሕፃናት ዳግም ዕድል መስጠት ነው። በዚያው ዓመት የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ያገኙት 59 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህ 85 በመቶው ብቻ መከላከያ ካዳበሩ፣ በአንድ ክትባት የተጠበቁት ከ100 ሕፃናት 50 ያህሉ ናቸው ማለት ነው።

በመቂ ሁኔታ ሲታይ

በዱግዳ ወረዳ፣ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኘው መቂ የመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚመረትባት ከተማ ናት። ለለቀማና ለተከላ ከሌላ አካባቢ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ልጆቻቸውን ይዘው ይዘዋወራሉ። በ14 ሳምንቱና በ9 ወሩ ቀጠሮ መካከል ከአምስት ወር በላይ ስለሚያልፍ፣ አንዲት እናት አንዱን ቀጠሮ በአንድ ወረዳ፣ ቀጣዩን በሌላ ልትሆን ትችላለች። «ሐሙስ ተመለሺ» የተባለች እናት ላትመለስ ትችላለች።

የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ አሥር ክትባት የያዘውን ብልቃጥ ለአንድ ሕፃን ላለመክፈት ማሰብ ነው። የተበጠበጠ ክትባት ከ6 ሰዓት በኋላ ወይም የክትባቱ ፕሮግራም ሲያበቃ፣ ቀድሞ በሚደርሰው ጊዜ መወገድ አለበት። ሆኖም ዘጠኙ ቢባክኑም አንድ ሕፃን ሳይከተብ ከሚመለስ ብልቃጡ ቢከፈት ይመረጣል። ቀላል ትኩሳት፣ ሳል፣ ተቅማጥና የምግብ እጥረትም ክትባት አያስከለክሉም።

ዕድሜ ሲሰላም ጳጉሜን እንደ አንድ ወር መቁጠር አይገባም። ሚያዝያ 10 የተወለደ ሕፃን 9 ወር የሚሞላው ጥር 10 እንጂ ታኅሣሥ 10 አይደለም። ቀኑ ያለፈበት ሕፃን ደግሞ በተገኘበት ዕለት ይከተባል፤ በሁለቱ ክትባቶች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት መኖር አለበት።

ከዘጠኝ ወር በፊት መቼ ይሰጣል?

ወረርሽኝ ሲነሳ፣ በተፈናቃዮች መጠለያ፣ እንዲሁም ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው ሕፃናት ከ6 ወር ጀምሮ ተጨማሪ ክትባት ሊሰጥ ይችላል። ይህ ግን ከመደበኛው አይቆጠርም። ካርዱ ላይ ለብቻው ተመዝግቦ የ9 እና የ15 ወሩ ክትባት በጊዜያቸው መሰጠት አለባቸው።

ሩቤላ

ሩቤላ በሕፃናት ላይ ቀላል ቢሆንም በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት እናትን ከያዘ ፅንሱን ለሞት፣ ለዓይን ሞራ፣ ለመስማት ችግርና ለልብ ጉድለት ይዳርጋል። ከኩፍኝ ጋር የተጣመረው ክትባት በሚሰጥባቸው አገሮች የሚከተለው የኩፍኝን የጊዜ ሰሌዳ ነው።

በመሆኑም የጤና ባለሙያው በማንኛውም ምክንያት ወደ ጤና ተቋም የመጣን ሕፃን ሁሉ የክትባት ካርዱን ሊያይ፣ ያልተከተበውን በዚያው ዕለት ሊከትብና ለእናቲቱ የ15 ወሩን ቀን በካርዱ ላይ ጽፎ ሊነግራት ይገባል። አካባቢውን ለቅቃ ብትሄድም ካርዱን ይዛ በደረሰችበት ጤና ጣቢያ ማስከተብ እንደምትችል ማወቅ አለባት።