«አክሰስ ዲናይድ» ሲላችሁ ለፎርማት አትቸኩሉ

ኮምፒውተር ከሚያሳያቸው መልእክቶች ሁሉ ሰውን በከንቱ የሚያስደነግጠው «አክሰስ ዲናይድ» የሚለው ይመስለኛል። ፎልደሩ ይታያል፤ ስሙም ያው ነው። ሲነካ ግን አይከፈትም። ብዙ ሰው ፋይሉ የተበላሸ ወይም ቫይረስ የገባበት ይመስለዋል። ከዚያ አንዱ ይነሳና «ፎርማት ይደረግ» ይላል። እውነተኛው ጥፋት የሚመጣው ያኔ ነው።

እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ባሉት የሐበሻ ሱቆች ይህ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይበላሻል፤ የድሮው ዲስክ ወጥቶ አዲስ ማሽን ላይ ይሰካል። በቅርቡ ያየሁት የአንድ ጅምላ ነጋዴ ዲስክ እንዲህ ነበር። የዱቤ መዝገቡ በሙሉ ያለው በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክመው በየሎኬሽኑ የሚዞሩ ልጆች ስንት ራንድ ዕቃ እንደወሰዱ፣ ስንት እንደመለሱ የተጻፈው እዚያ ብቻ ነው። ያ ፎልደር ካልተከፈተ ብድሩን ማስታወስ የሚችለው ተበዳሪው ብቻ ነው ማለት ነው።

ዲስኩ አዲሱ ማሽን ላይ እንደተሰካ ዊንዶውስ ፈቃድ የለህም አለ፤ «ኮንቲኒዩ» ሲጫኑት ተከፈተ። እስከዚህ ደህና። ከዚያ የነጋዴው የወንድም ልጅ፣ የሱቁ ሠራተኞች መዝገቡን እንዳያዩ ብሎ «ሴኩሪቲ» ገጽ ውስጥ ገባና «ኤቭሪዋን» በሚለው ስም ላይ «ዲናይ»ን ምልክት አደረገ። «ሁሉም ሰው» ሲባል እሱም አጎቱም አሉበት። በሩ በሁሉም ላይ ተዘጋ።

እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ጀምሮ እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር ሁለት ነገር ይዞ ይቀመጣል፤ የባለቤቱን ማንነትና ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገር ዝርዝር። በዝርዝሩ ላይ በቀጥታ የተጻፈ ክልከላ ከፈቃድ ይቀድማል። ባለቤቱ ግን የተለየ መብት አለው፤ ፋይሉን ማንበብ ቢከለከል እንኳ ዝርዝሩን መልሶ መጻፍ ይችላል። ታዲያ ነጋዴው ለምን አልቻለም? የፎልደሩ ባለቤት እሱ ስላልሆነ ነው። አዲሱ ማሽን ላይ የድሮውን የተጠቃሚ ስም ከነይለፍ ቃሉ መልሰው ሰጥተውታል፤ ዊንዶውስ ግን ሰውን የሚያውቀው በስም አይደለም። ለእያንዳንዱ አካውንት ረጅም መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ዲስኩ ላይ የሚጻፈውም ያ ቁጥር ነው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት አበበ ከበደ ቢኖሩ የመታወቂያ ቁጥራቸው እንደሚለያይ ማለት ነው። እኛ ሰዎች በስም ነው የምንኖረው፤ ጄፒ ጎዳና ራሂማ ሙሳ ከተባለ ስንት ዓመቱ፣ ሐበሻው ግን ዛሬም ጄፒ ነው የሚለው። ለኮምፒውተሩ ስም ታፔላ ብቻ ነው። ባለቤት በሚለው ቦታ «አካውንት አንኖውን» የሚል ጽሑፍና ረጅም ቁጥር ካያችሁ፣ ያ አካውንት ይህ ማሽን የማያውቀው ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ባለቤትነት፣ ከዚያ ፈቃድ። አድሚኒስትሬተር በሆነ አካውንት ግቡ። ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ። ከላይ «ኦውነር» ከሚለው ጎን «ቼንጅ»ን ተጭናችሁ የአካውንታችሁን ስም ስጡ። ከስሩ የምትመጣው፣ ባለቤትነቱን ለውስጥ ፎልደሮችና ፋይሎችም አስተላልፍ የምትለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ አትርሱ። ኦኬ ብላችሁ መስኮቱን ዝጉና እንደገና ክፈቱት፤ አዲሱ ባለቤት ዝርዝሩን ማየት የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የ«ዲናይ»ን መስመር አጥፉ፣ ለራሳችሁ «ፉል ኮንትሮል» ስጡ። የነጋዴው ፎልደር የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ፋይሎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ከሆነ በትዕዛዝ መስኮት ይፈጥናል። ባለቤትነት የሚወስደው ትዕዛዝ ቴክኦውን ይባላል። ፈቃዱን የሚያስተካክለው ደግሞ ስሙ አስቀያሚ ነው፤ አይ፣ ሲ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤል፣ ኤስ ብላችሁ ስድስቱን ፊደል አያይዛችሁ ጻፉ። እዚህ ላይ የእኛ የአማርኛ ተጠቃሚዎች ችግር ይመጣል። ፎልደሩ «የሱቅ ሂሳብ» ከተባለ የድሮው ጥቁር መስኮት ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳያችኋል። ስሙ ተበላሽቶ አይደለም፤ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው በዩኒኮድ ነው፣ መስኮቱ የግዕዝ ፊደል ማሳየት አቅቶት ነው። ሺፍትን ይዛችሁ በቀኝ ክሊክ «ኮፒ አዝ ፓዝ» በሉና እዚያው ለጥፉት፤ ትዕዛዙ በትክክል ይሠራል። አዲሱ ዊንዶውስ ተርሚናል ደግሞ ፊደሉን ራሱን ያሳያል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ይህን ዊንዶውስ ራሱ ባለበት በሲ ድራይቭ ሥር በሙሉ አትሞክሩት። የሲስተሙን ፋይሎች ባለቤትነት መቀማት ማሽኑን ያናጋዋል። ሊኑክስ ላይም ያው ነው። ፎልደር አልከፈት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ 777 ወደሚለው ይሮጣል። ከሥሩ ጀምሮ ሁሉንም 777 ያደረገ ሰው ሱዱ ራሱ መሥራት ያቆምበታል፤ ሱዱ የሚሠራበት ልዩ ምልክት አብሮ ይጠፋልና። ኤስኤስኤችም ለሁሉም የተከፈተ የግል ቁልፍ አይቀበልም። በተቃራኒው አንድን ፎልደር ከነውስጡ 644 ያደረገም ይቆለፍበታል፤ ፎልደር ውስጥ ለመግባት «ኤክስ» የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል። በችሞድ ትልቁን ኤክስ ብትጠቀሙ መግቢያውን ለፎልደሮች ይሰጣል፣ ተራ ፋይሎችን ግን ፕሮግራም አያደርግም።

ይህን ሁሉ ሳትነኩ መዝገቡን ማውጣትም ይቻላል። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሸትልዎርዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረውን ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ማሽኑን ከፍላሹ አስነሱ። የዊንዶውሱን የፈቃድ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ፋይሎቹ ይታያሉ፣ ይገለበጣሉ። ዘበኛው ዊንዶውስ ነው፤ ዘበኛው ካልተነሳ በሩን የሚጠብቅ የለም። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም። «ላፕቶፑን የሰረቀኝም እንዲህ ያየዋላ!» አለ። ልክ ነው፣ ያየዋል።

ለዚያ የሚያስፈልገው ፈቃድ ሳይሆን ምስጠራ ነው፤ ለምሳሌ ቢትሎከር። በተመሰጠረ ዲስክ ላይ ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም። ባለቤትነት ብትወስዱም ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ነጠላ ፋይሎችን የሚያመሰጥርበት መንገድም አለ። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ሰርተፍኬቱ ቅጂ ሳይኖረው ከጠፋ፣ እነዚያን ፋይሎች እኔም ሆንኩ ሌላ ባለሙያ አንመልሳቸውም። ስለዚህ ቢትሎከር ካበራችሁ 48 አሃዝ ያለውን የመመለሻ ቁጥር በወረቀት አትማችሁ ከኮምፒውተሩ ርቆ አስቀምጡት። ነጋዴው የራሱን የት እንዳስቀመጠው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።