የሳተላይቶች ደህንነትና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርሻ

በምድር ዙሪያ የሚዞሩ ሳተላይቶች ቁጥር በፍጥነት እየጨመረ በመምጣቱ እርስ በርስ እንዳይጋጩና ትእዛዝ የሚቀበሉበት መስመር በባዕድ እጅ እንዳይገባ መጠበቅ የሕዋ ተቋማት ዋነኛ ሥራ ሆኗል። ተቋማቱ ለዚሁ ተግባር ሰው ሠራሽ አስተውሎትንና የቨርችዋል ሪያሊቲ ቴክኖሎጂን በመጠቀም ላይ ናቸው። ይሁንና እስከ አሁን የተገኘው ልምድ እንደሚያመለክተው መሣሪያዎቹ የባለሙያውን ጫና ያቃልላሉ እንጂ ኃላፊነቱን አይረከቡትም።

እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 በአገልግሎት ላይ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ሳተላይት ኢሪዲየም 33 እና ከአገልግሎት ውጪ የሆነው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 በሳይቤሪያ ሰማይ፣ በ790 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተጋጭተዋል። ከምድር ሆኖ መከታተል የሚቻል ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ስብርባሪ ተበትኗል። በዕለቱ አንድ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የትንበያ አገልግሎት ሁለቱ በ584 ሜትር ርቀት እንደሚተላለፉ አስልቶ ነበር። በዚያው ዝርዝር ከዚህም በባሰ ቅርበት ይተላለፋሉ የተባሉና ሳይነካኩ ያለፉ ሌሎች ሳተላይቶች ነበሩ። ስለዚህ ችግሩ የማስጠንቀቂያ ማነስ ሳይሆን ከብዙ ማስጠንቀቂያ መካከል እውነተኛውን የመለየት ነው።

በጀርመን ዳርምሽታት ከተማ የሚገኘው የአውሮፓ ሕዋ ኤጀንሲ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ለሚገኝ አንድ ሳተላይት በሳምንት በመቶዎች የሚቆጠሩ ማስጠንቀቂያዎች ይደርሱታል። በኮምፒዩተር ከተጣሩ በኋላ ባለሙያ በዝርዝር ሊያያቸው የሚገቡት ወደ ሁለት ይወርዳሉ። ሳተላይትን ከመንገዱ ማሸሽ ነዳጅ ያስጨርሳል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። በመሆኑም ያለአግባብ መሸሽም ዋጋ ያስከፍላል።

ኤጀንሲው እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2019 ኤኦሉስ የተባለችውን ሳተላይት ከስታርሊንክ 44 ጋር እንዳትጋጭ ምሕዋሯን ከፍ ማድረጉ ይታወሳል። የግጭቱ ዕድል ርምጃ ያስወስዳል ተብሎ ከተቀመጠው ከ10 ሺህ አንድ በልጦ ነበር። የስታርሊንክ ባለቤት ስፔስ ኤክስ አደጋው ከፍ ማለቱን የሚገልጸውን መልእክት ተረኛው ኦፕሬተር ያላየው በተረኛ መጥሪያ ሥርዓቱ ላይ በደረሰ ብልሽት ምክንያት መሆኑን አስታውቋል። በሌላ አነጋገር ስሌቱ ሠርቷል፤ የተቋረጠው የሁለቱ ተቋማት መነጋገሪያ ነው።

ኤጀንሲው በዚያው ዓመት ባዘጋጀው ውድድር ተሳታፊዎች የግጭት ስጋትን ከሁለት ቀን በፊት የሚተነብይ ፕሮግራም በማሽን ትምህርት ዘዴ እንዲሠሩ ጋብዞ ነበር። የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ እንዳለ ከመቀበል የተሻለ ውጤት ማምጣት የቻሉት ጥቂት ቡድኖች ብቻ ናቸው። አደገኛ መቀራረብ ብርቅ በመሆኑ ማሽኑ የሚማርበት ምሳሌ አነስተኛ ነው።

የቨርችዋል ሪያሊቲ ጠቀሜታ ይበልጥ የታየው በሥልጠና ነው። እ.ኤ.አ በ1993 የሐብል ቴሌስኮፕ ከመጠገኑ በፊት ከ100 በላይ የናሳ የምድር ተቆጣጣሪዎች በዚህ መንገድ ሠልጥነዋል። እ.ኤ.አ በ2021 ደግሞ ጃፓናዊው ጠፈርተኛ ሶይቺ ኖጉቺ በዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ የመሮጫ መሣሪያውን ሲፈትሽ መመሪያውን ያነበበው ከወረቀት ሳይሆን ዓይኑ ላይ ካጠለቀው መነጽር ነው። ለምሕዋር ቁጥጥር ሲውል ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቦታው በመቶዎች ሜትር ሊሳሳት የሚችል አካል በምስሉ ላይ እንደ አንድ ጥርት ያለ ነጥብ ከታየ ተመልካቹን ያዘናጋል።

የመረጃ ደህንነቱ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 በቪያሳት ኩባንያ የኬኤ-ሳት አገልግሎት ላይ ጥቃት ሲፈጸም ሳተላይቱ አልተነካም። አጥቂዎቹ የገቡት በአግባቡ ባልተስተካከለ የርቀት መግቢያ በኩል ወደ ምድሩ መረብ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞች ከጥቅም ውጪ ሲሆኑ በጀርመን 5 ሺህ 800 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የርቀት ቁጥጥራቸው ተቋርጧል። በመቆጣጠሪያ መረብ ላይ የሚጨመር ማናቸውም የአስተውሎት ፕሮግራም ወይም መነጽርም አንድ ተጨማሪ በር መሆኑ አይቀርም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ያመጠቀቻትን 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት የተቆጣጠረችው ከእንጦጦ ጣቢያ ነበር። ጥቂት ሳተላይት ላላቸው አገሮች የግጭት ማስጠንቀቂያ ከአሜሪካ የሕዋ ኃይል ያለ ክፍያ ይደርሳቸዋል። መልእክቱ ሌሊት ሲገባ የሚያነበው ተረኛ፣ ሳተላይቱ እንዲሸሽ ለማዘዝ ሥልጣን የተሰጠው ኃላፊና የሌላኛው ሳተላይት ባለቤት የሚገኝበት አድራሻ ግን በየአገሩ የሚሟሉ ናቸው።