የግንበኛው ሲባጎና የጂኦሜትሪ ትምህርት

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በጀሞና በለቡ አካባቢ፣ የአዲስ ቤት መሠረት ሊቆፈር ሲል ብዙ ጊዜ የሚታይ ተግባር አለ። ግንበኛው በአንድ ጥግ ችካል ይተክላል፤ ከዚያም በአንዱ አቅጣጫ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካል። የሁለቱ ጫፎች ርቀት ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ ሲባጎውን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል። 5 ሜትር ሲሞላለት ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑን ያውቃልና ቁፋሮው ይጀመራል።

ይህ ተግባር በትምህርት ቤት የፓይታጎረስ ቲዎረም ተብሎ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በትክክል ለመናገር ግንበኛው የሚሠራው በቲዎረሙ ተገላቢጦሽ ነው፤ ይኸውም የ3 ካሬና የ4 ካሬ ድምር ከ5 ካሬ ጋር እኩል ስለሆነ፣ በሁለቱ አጫጭር ጎኖች መካከል ያለው ማዕዘን የግድ ቀጤ ይሆናል። በክፍል ውስጥ የሚሰጡት መልመጃዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀጤ ማዕዘኑን አስቀድመው ሰጥተው የጎደለውን ጎን ብቻ ይጠይቃሉ። በመሆኑም ቀመሩን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ፣ የግንበኛ ልጅ እንኳ ቢሆን፣ አባቱ በሲባጎ የሚሠራው ይህንኑ መሆኑን ሳይገነዘብ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ የላቀ ቁም ነገር ደግሞ በመጠኑ ምርጫ ላይ አለ። የቁጥሮቹ ዝምድና እስከ ተጠበቀ ድረስ 60፣ 80ና 100 ሳንቲሜትርም ያንኑ ማዕዘን ይሰጣሉ። ታዲያ ግንበኛው ስለ ምን ረጅሙን ይመርጣል? ሦስተኛውን ጎን ሲለካ 1 ሳንቲሜትር አስበልጦ ተሳሳተ እንበል። በትንሹ ጎነ ሦስት ይህ ስሕተት ማዕዘኑን ከ1 ዲግሪ በላይ ያዛባዋል፤ 10 ሜትር የሚረዝም ግድግዳም ጫፉ ላይ ሲደርስ 21 ሳንቲሜትር ያህል ከመስመሩ ይወጣል። በትልቁ ጎነ ሦስት ግን የዚያው ስሕተት ውጤት 4 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። (ሲባጎ ስለሚለጠጥ ልኬቱ በብረት ሜትር ቢሆን ይመረጣል።)

መሠረቱ ከተዘረጋ በኋላ ሁለተኛ ምርመራ ይደረጋል። የ8 በ6 ሜትር ቤት ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል መሆናቸው ብቻውን ሬክታንግል አያደርገውም፤ የጎኖቹ ርዝመት ሳይለወጥ አንዱ ወገን 20 ሳንቲሜትር ቢንሸራተት ቅርጹ ፓራሌሎግራም ይሆናል። ዓይን ይህን በቀላሉ አይለየውም። ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን ሲለካ ግን እያንዳንዳቸው 10 ሜትር መሆን የነበረባቸው ዲያጎናሎች አንዱ 10.16፣ ሌላው 9.84 ሜትር ሆነው ይገኛሉ። ያልተመረመረ መሠረት የሚጋለጠው ገንዘብ ከፈሰሰበት በኋላ፣ የወለሉ ሴራሚክ ከግድግዳው ጋር አልገጥም ሲል ወይም የጣሪያው ቆርቆሮ በአንድ ወገን ሲያጥር ነው።

በገጠር ክብ ጎጆ የሚሠራ ሰው የማዕዘን ጭንቀት የለበትም፤ ገመዱን ከመካከለኛው ችካል አስሮ ይዞራል። በዚህም ያተርፋል፤ 20 ሜትር ዙሪያ ያለው ግድግዳ በካሬ ቅርጽ ቢሠራ 25፣ በክብ ቢሠራ ግን 32 ካሬ ሜትር ገደማ ያቅፋል። የክቡ ችግር የሚመጣው አልጋና ቁም ሣጥን ሲገባ ነው።

ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው መሣሪያ ሲባጎ፣ አራት ችካልና አንድ ሜትር ብቻ ነው። ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በትንሹ፣ ገሚሶቹ በትልቁ ጎነ ሦስት በግቢው ውስጥ የአንድ ክፍል መሠረት ይዘርጉ፤ ከዚያም ዲያጎናሎቹን ለክተው የማን ሥራ የበለጠ እንደ ተዛባ፣ ስለ ምንም እንደ ተዛባ ያስረዱ። ይህ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አያልቅም። የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጡ ክፍሎች በሳምንት አንድ ቀን ሁለት የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎችን አከታትለው ቢመድቡ፣ ከተማሪዎቹ ወላጆች አንዱ ግንበኛ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጥቶ የተማሪዎቹን መሠረት እንዲመረምር ሊጋበዝ ይችላል።