ተጨማሪ መረጃ፦ ማግኒዥየምና የግሪስሃይም ፋብሪካ

በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ 2ኛ ምድብ የሚገኙት ቤሪሊየም፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ስትሮንሺየም፣ ባሪየምና ራዲየም የአልካላይን ምድር ብረታ ብረቶች ይባላሉ። በውጭኛው ምህዋራቸው ያሏቸውን ሁለት ኤሌክትሮኖች በቀላሉ ስለሚለቁ በተፈጥሮ ለብቻቸው አይገኙም።

ታዲያ ማግኒዥየም ከውህዱ እንዴት ይላቀቃል? መነሻው ዛሬ የፍራንክፈርት ክፍል በሆነችው ግሪስሃይም የነበረው የግሪስሃይም-ኤሌክትሮን ኬሚካል ኩባንያ፣ በቢተርፌልድ ባቋቋመው ፋብሪካ ካርናላይት የተባለውን ጨው በሙቀት አቅልጦ ኤሌክትሪክ ያሳልፍበት ነበር። (ካርናላይት ከእኛም ሩቅ አይደለም፤ በዳሎል የፖታሽ ክምችት ውስጥ አለ።) ጨውን በውሃ አሟሙቶ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አያዋጣም፤ በማግኒዥየሙ ፈንታ ሃይድሮጅን ይወጣልና።

ኩባንያው በ1909 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርቱ ዓለም አቀፍ የአየር በረራ ኤግዚቢሽን ላይ «ኤሌክትሮን» የተሰኘ የማግኒዥየም ቅይጥ አቀረበ። ለአውሮፕላን የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የማግኒዥየም እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.74 ግራም ሲሆን፣ የአሉሚኒየም 2.70፣ የብረት ደግሞ 7.87 ግራም ነው። በኋላም የፎልክስቫገን ቢትል የሞተር አቃፊ ከማግኒዥየም ቅይጥ ተሠርቷል። ችግሩ እሳት ላይ ነው፤ የማግኒዥየም ፍቅፋቂ በደማቅ ነጭ ብርሃን ይነዳል፣ ውሃ ሲደፋበት ደግሞ ሃይድሮጅን ስለሚፈጠር ጭራሽ ይብሳል። የሚጠፋው በደረቅ አሸዋ ታፍኖ ወይም ለብረታ ብረት እሳት በተዘጋጀ ዱቄት ነው።