ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ድምፁ ለምን ይንተባተባል?

በዚህ እትም የቴክኖሎጂ ዓምዳችን የሚያወራው ስለ ድምፅ መቆራረጥ ነው።

ሰልፍ ላይ ቆመን ከኮምፒውተር የተከፈተው ብሔራዊ መዝሙር ሲንተባተብ ግማሾቻችን ቀድመን እንሄዳለን፣ ግማሾቻችን ወደ ኋላ እንቀራለን። ትንንሾቹም ይስቃሉ። ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ዋናው ቃል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የተቀዳ ማስታወቂያ «ነገ ከሰዓት ትምህርት...» ብሎ ቢቆረጥ «አለ» ይሁን «የለም» በምን እናውቃለን? ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣ ልጅ በአንዲት ቃል ምክንያት በከንቱ ይመላለሳል፤ ወይም ትምህርት ያመልጠዋል።

ድምፅ ሲቆራረጥ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ሞንታርቦው ተበላሽቷል» ይላል። ቆይ እስኪ! ሞንታርቦው ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ሊሆን ይችላል።

ድምፅ በኮምፒውተር ውስጥ

ኮምፒውተር ድምፅን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ቁጥሮች አሉት፤ ስቴሪዮ ከሆነ ደግሞ ለቀኝም ለግራም ለየብቻ ነው። ኤምፒ3 የሚባለው ፋይል ቦታ እንዳይፈጅ የተጨመቀ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ እየፈታ ቁጥሮቹን ያወጣል። የወጡት ቁጥሮች በፈር በሚባል ትንሽ ማቆያ ይጠራቀማሉ። ከዚያ እየተቀዱ ወደ ድምፅ ይለወጣሉ።

እስኪ ቧንቧ የተገጠመለት የእጅ መታጠቢያ በርሜል አስቡ። ከታች ውኃው ሳያቋርጥ ይፈሳል፤ ከላይ አንድ ልጅ በጀሪካን እያመጣ ይሞላል። ልጁ በሰዓቱ ከደረሰ ውኃው አይቋረጥም። ያንኑ ልጅ «ጠመኔ አምጣ፣ ደወል ደውል፣ ደብተር ሰብስብ» ብለን ብናዘው ግን በርሜሉ ይደርቃል። ልጁ ሲመጣ ይፈሳል፣ ሲሄድ ይቆማል። ልጁ ፕሮሰሰሩ ነው፤ በርሜሉ በፈሩ ነው። ይህ በርሜል ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ድምፅ ነው የሚይዘው። ጽሑፍ ስንከፍት ኮምፒውተሩ ትንሽ ቢዘገይ ልብ አንልም። ድምፅ ግን አይጠብቅም፤ ወዲያው ጆሯችን ይይዘዋል።

መጀመሪያ ችግሩን እንለይ

1. ያንኑ ፋይል ሁለት ጊዜ አጫውቱት። ሁለቴም እዚያው ቦታ ላይ ከተቆረጠ ፋይሉ ራሱ ሳይበላሽ አይቀርም። በስልክ ከፍታችሁ አረጋግጡ።
2. ገመዱን ነካ ስታደርጉት ድምፁ ሄድ መጣ ካለ ችግሩ የገመዱ ወይም የመሰኪያው ነው።
3. አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ከተቆራረጠና ሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ከባሰበት ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው።

ሥራ ከበዛበት ምን እናድርግ?

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እዚያ ፕሮሰሰሩ፣ ሜሞሪውና ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዙ በመቶኛ ይታያል። ቁጥሩ ወደ 100 ከተጠጋ የማንፈልጋቸውን ጌሞች፣ ቪዲዮዎችና የኢንተርኔት ገጾች እንዝጋ። የተጀመረ ጽሑፍ ካለ አስቀድመን ሴቭ እናድርግ። ስሙን የማታውቁትን ፕሮግራም ግን አትዝጉ፤ የአይሲቲ መምህራችሁን ጠይቁ።

ሜሞሪው ሲሞላ ኮምፒውተሩ ዕቃውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያዛውራል። ሃርድ ዲስክ ቀርፋፋ ስለሆነ ድምፁም ይጎተታል።

ከፍላሽ ላይ በቀጥታ አታጫውቱ። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡት፤ ፀረ ቫይረሱ ፍላሹን ፈትሾ እስኪጨርስም ታገሡ።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ በባትሪ ይሠራል። ባትሪው እንዳያልቅ ብሎ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ መብራት እያለ ቻርጅ እናድርግ፤ ሲቻልም በመብራት እናጫውት።

አቧራም ጠላት ነው። የጠመኔና የግቢው አቧራ ማራገቢያውን ሲደፍነው ኮምፒውተሩ ይግላል፤ እንዳይቃጠልም ራሱን ያዘገያል። ሲጠፋ ጨርቅ እናልብሰው። ውስጡን ማጽዳት ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶና ከመብራት ተነቅሎ፣ መምህር ባሉበት ነው።

ከሰልፍ በፊት 10 ደቂቃ ቀደም ብለን ኮምፒውተሩን አጥፍተን እናብራ። ከዚያ ማጫወቻውን ብቻ ከፍተን መዝሙሩን በዝቅተኛ ድምፅ እንሞክር። አሁንም ካስቸገረ በስልክ እናጫውት፤ ስልክም ከሌለ በራሳችን ድምፅ እንዘምር። «አለ» ወይም «የለም» የሚል ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ በማይክ በሰው አፍ ሁለት ጊዜ ይነበብ።

ያውቁ ኖሯል?

የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ገደማ የሚደርስ ንዝረት ይሰማል። ያንን በቁጥር ለመያዝ ከእጥፉ በላይ ቁጥር ያስፈልጋል። 44,100 ከ40,000 የበለጠው ለዚህ ነው። ሲዲ ለገበያ የቀረበው በፈረንጆች 1982 ነበር።

የዚህ እትም ጥያቄ፦ 3 ደቂቃ የሚፈጅ መዝሙር በሲዲ ጥራት ቢቀዳ፣ ለአንድ ጆሮ ብቻ ስንት ቁጥሮች ይኖሩታል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለክበባችን አባላት ስጡ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!

አዘጋጅ፦ ሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ ደምበጫ